ሳይጨረስ የቀረው ሙሾ

ዝናብ የመታው ሸራ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የራሱ ሽታ አለው፤ የጭስ፣ የሻጋታ፣ የብዙ ሰው እስትንፋስ ሽታ። ዛሬ ጠዋት ጎረቤቶቼ የእድሩን ድንኳን አጥራቸው ላይ አስጥተውት ነበር። ነፋሱ እስከ መስኮቴ ሲያመጣው፣ ወዳጄ፣ ልጽፍልሽ ያሰብኩት ሌላ ነገር ሁሉ ጠፋብኝ፤ ቡታጅራ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ፊቴ መጣ።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን ከከተማው የኪነት ቡድን ጋር ተስማምቶ ስለነበር ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቡድኑ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። እኛ የሬዲዮውን ዘፈን ሁሉ በቃላችን ብንይዝም እናቶቻችን በሠርግና በለቅሶ የሚሉትን አናውቅም ነበር። ከበሮ መምታት ተማርን፤ ከጭብጨባው ጋር እግር ማንሳት ተማርን። ከቡድኑ ውስጥ አንዲት ድምፀ ሻካራ አስለቃሽ ነበረች። ሁላችንንም አንድ በአንድ ካስጮኸችን በኋላ እኔን መረጠችና ሙሾ ታስተምረኝ ጀመር።

የአማርኛ መምህራችን ከሰሜን የመጣ ወጣት ነበር። ቲያትሩን የጻፈው እሱ ነው። አዲስ አበባ የሚነግድ ሰው ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ይሞታል፤ በር ከፍታ የምትጠብቀው ሚስቱ ሬሳውን ትቀበላለች። እኛ ዘንድ ለመስቀል ያልገባ ሰው ክፉ ነገር እንዳገኘው ስለሚታሰብ ታሪኩን ገና ስሰማው ፈራሁ። ሚስቲቱ እኔ ሆንኩ። ሬሳው ደግሞ ከኋላ ወንበር እየተቀመጠ ክፍሉን በሳቅ የሚበጠብጠው ልጅ ሆነ።

አዳራሹ መጋረጃ ስላልነበረው መምህሩ የእድር ድንኳን ተውሶ አሰቀለ። አስለቃሿ ለልምምድ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄን ማን አመጣው?»

«ለመጋረጃ ነው፣ እናቴ። ነገ እንመልሰዋለን።»

«ሬሳ ሳይኖር ድንኳን፣ ሬሳ ሳይኖር ሙሾ?»

«ቲያትር ነው እኮ!»

«ቲያትርነቱን አንተ ታውቃለህ። ሙሾው አያውቅም።»

ከዚያ እኔን ወደ ጥግ ወሰደችኝ። እጇ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። «የመጨረሻዋን ስንኝ እንዳትያት» አለችኝ። «እሷ የምትባለው ሰው ሊቀበር ሲወጣ ነው። ሬሳ ሳይኖር ካልሻት ሞትን ጠርተሽዋል።»

መምህሩ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ከወልቂጤ እንግዶች ይመጣሉ! መጨረሻ የሌለው ቲያትር ላሳያቸው? ትጨርሻታለሽ።»

በማግስቱ ገና በቀን ሰማዩ ጠቆረ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር፤ በሸራው ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን የታመመ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ልጁ ነጠላ ተሸፍኖ ተጋደመ። እንግዶቹ እንዲገባቸው ሙሾውን ከአገራችን ቋንቋ ወደ አማርኛ መልሰነው ነበር፤ ደረቴን እየመታሁ ጀመርኩ፦

ሰንጋው ተገዝቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣
ደመራው ተተክሎ መንደሩ ሞልቷል፣
ደጄን ከፍቻለሁ፣ ዓይኔ መንገድ ያያል…

መምህሩ ከሸራው ጀርባ በከንፈሩ ብቻ «ጨርሺ!» ይለኝ ነበር። አስለቃሿ ከእናቶች መሀል አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። ነጠላውን አየሁት። አይንቀሳቀስም። ትንፋሹን ፈለግኩ፤ አጣሁት። ሙሾውን አቋረጥኩ። ያኔ ከነጠላው ስር እንዲህ የሚል ድምፅ ወጣ፦

«ምነው ቆምሽ? ግማሽ ጎኔ ብቻ ነው እንዴ የሞተው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ራሱን ያዘ። አስለቃሿ ግን አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ዝናቡ ወጣች።

ያ ልጅ ባሌ ሆነ። እንደ ቲያትሩ ሰውዬ አዲስ አበባ ይነግድ ነበር። ሲያበሽቀኝ «ያቺን ስንኝ መቼ ነው የምትጨርሺልኝ?» ይለኝ ነበር። «ዝም በል!» እለውና አፉን በእጄ እይዘዋለሁ። መስቀል በመጣ ቁጥር የሚኒባስ መብራት እየቆጠርኩ ከደጅ አልገባም ነበር። የፈራሁት መንገዱን ነበር። እሱ ግን በዚህ ክረምት፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ እጄን እንደያዘ ሄደ።

የእድሩ ድንኳን ግቢያችን ተተከለ፤ እሱም መሀሉ ተጋደመ። አስለቃሿ ዓይኗ ጠፍቶ በሰው ተመርታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ሙሾውን ጀመርኩ፤ ሴቶቹ ተቀበሉኝ። የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሸራው ላይ ዝናብ ብቻ ይሰማ ነበር።

አስለቃሿ እጄን ፈልጋ ያዘችው። «አሁን ይባላል፣ ልጄ» አለችኝ። «አሁን ጨርሺለት።»

ፊቱን የሸፈነውን ነጠላ አየሁት። ሴቶቹ እኔን ጠበቁ፤ እኔ «ምነው ቆምሽ?» እንዲለኝ እሱን ጠበቅኩ።