ምልክት ያልተጫረበት ክዳን

ሰዓት ሠሪው የማይጥሰው አንድ ሕግ አለው። የማንንም ሰዓት ከፍቶ ሲዘጋ፣ ከኋላ ክዳኑ በውስጥ በኩል፣ ባለቤቱ ፈጽሞ በማያይበት ቦታ፣ በመርፌ ጫፍ ቀኑንና ምልክቱን ይጭራል። ከሱ በፊት የከፈቱት ሠሪዎች እንዲሁ አድርገዋል፤ አንዳንዱ አሮጌ ሰዓት ሲከፈት የአራት ሰው እጅ ይነበብበታል። «ማን ምን እንደነካ ካላወቅህ የምትጠግነው ሰዓቱን አይደለም፤ ግምትህን ነው» ይላል።

ሱቁ ከደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። ከጎረቤቱ ከቁልፍ ሠሪው የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ብቻ ስለሆነ፣ የዚያኛው ማሽን ሲጮህ የዚህኛው ብሎኖች በሰሃናቸው ውስጥ ይንጫጫሉ። ሁለቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሳይተያዩ በጣውላው በኩል ያወራሉ።

ስምንት ዓመት የሞላት አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ቤትም ሰፈርም ፌንጣ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት እሱ ራሱ ነው፤ ገና መራመድ ስትጀምር እግሯ መሬት የሚነካው ለመነሳት ብቻ ስለነበር። አንድ ቅዳሜ ሱቁ ይዟት መጥቶ ጀርባውን እስኪያዞር አልጠበቀችም፤ የብሎኑን ሰሃን በክርኗ ገፍታ ገለበጠችው። አሸዋ የሚያካክሉ መቶ ምናምን ብሎኖች ወለሉ ላይ ፈሰሱ።

«አባዬ፣ ዝናብ!» አለች እያጨበጨበች።

«ሰውዬ፣ ምን ፈረሰብህ?» አለ ቁልፍ ሠሪው ከጣውላው ማዶ።

«ቤቴ!» አለ ሰዓት ሠሪው፤ ግን እየሳቀ ነበር። ማግኔቱን ይዞ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጉልበቱ ዳኸ። እሷም አብራው እየዳኸች፣ እየዘፈነች፣ እሱ ያላያቸውን አሥራ አንድ ብሎኖች ከጠረጴዛው ሥር በምራቋ ባረጠበችው ጣቷ እያነሳች አመጣችለት። ያን ቀን የሠራው ሥራ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ደስታ ሲባል ትዝ የሚለው ያ ቅዳሜ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን እንዲህ ባለው ነገር አልሳቀም። መምህርቷ ሁለቱንም ወላጆች አስጠርታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን ወንበሩ ላይ የለችም» አለቻቸው። ሐኪም ጋ ሄዱ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀ፣ ብዙ ጻፈ፤ በመጨረሻም ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር መሆኑን ነግሯቸው በየጠዋቱ አንድ ኪኒን አዘዘ።

ኪኒኑ ሠራ። ይህን ሰዓት ሠሪውም አይክድም። በሁለተኛው ሳምንት ፌንጣ አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ግን የምሳ ዕቃዋ እንደሄደ መመለስ ጀመረ። ማታ ማታ ስትታጠብ መዝፈኗን ተወች። ሱቁ ስትመጣም በርጩማው ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ እሱም በየመሃሉ ቀና እያለ ያያታል፤ ሰው ሰዓቱ ቆመ ወይስ ይሄዳል ብሎ ወደ ጆሮው እንደሚያስጠጋው።

«ልጄን አደንዝዘው ሰጡኝ» አለ ለሚስቱ።

ሚስቱ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስለምትውል ማታ ክርክር አትችልም። «ታነባለች እኮ» አለችው።

«አትበላም እኮ!»

«አባቷ፣ ሐኪሙ እኮ ይህንን ስንነግረው መጠኑን አስተካክላለሁ ብሏል። ሄደን እንንገረው።»

«ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። በቃ። ልጄ ላይ በግምት አይሠራም።»

«እሺ» አለች። እሺታዋ ቶሎ ስለመጣ ሊጠረጥር ይገባው ነበር፤ ግን ያሸነፈ ሰው አይጠረጥርም።

ቅጠሉ የመጣው በጣውላው በኩል ነው። ቁልፍ ሠሪው አክስት አለችው፤ የደረቀ ቅጠል በየከረጢቱ እየቋጠረች የምትሸጥ። «አክስቴ ስንቱን ቀዥቃዣ አደብ አስገዝታለች!» አለው። «እኔን ራሴን በልጅነቴ አጠጥታኛለች።»

«አንተን አድኖህ ነው እንዲህ የሆንከው?»

«ባልጠጣ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አስበው!»

ሰዓት ሠሪው ሳቀ፤ ገዛም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ቅጠሉን በገዛ እጁ አፍልቶ፣ በገዛ እጁ አቀዝቅዞ ያጠጣት ጀመር። ፌንጣ አፍንጫዋን ይዛ ትጨልጠዋለች። እሱም ደብተር ገዛ። የሰውን ሰዓት ሲያስተካክል ቀን በቀን ቀደመ ወይም ዘገየ እያለ እንደሚመዘግበው፣ መምህርቷ በየቀኑ ከምትልክላቸው ማስታወሻ ላይ እየገለበጠ የልጁን ቀናት ይጽፋል። ቀደመች። ትንሽ ቀደመች። ልክ ነች። ልክ ነች። ልክ ነች።

ሁለት ወር ተኩል ልክ ነች። ሰዓት ሠሪው አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄድ ጀመር። ደንበኛ ሰዓቱን ሊወስድ ሲመጣ ስለ ቅጠሉ ሳይሰማ አይመለስም። ልጅቷ እንደ ድሮው አትበላም፤ ይህን ግን እያደገች ስለሆነ ነው ብሎ አለፈው። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። ትምህርት ቤቱም ቁርጡን ተናግሯል፤ ፈተናውን ተቀምጣ ከጨረሰች ትቀጥላለች፤ ካልሆነ ግን ለሚመጣው ዓመት ቦታ የላትም። በአካባቢው ሌላ የሚቀበላት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ሦስት ቦታ ዞረው ጠይቀዋል።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማስታወሻው ተበላሸ። ቀደመች። በጣም ቀደመች። ሰዓት ሠሪው ቅጠሉን እጥፍ አደረገው። ፌንጣ አንድ ምሽት ያንን ሁሉ መልሳ አስወጣችው፤ ፊቷን አጥቦ አስተኛት። ይህን ግን ደብተሩ ላይ አልጻፈውም። እጥፍ ማድረጉንም አልጻፈውም።

በፈተናው ቀን ፌንጣ ስሟን ጻፈች፣ ሁለት ጥያቄ መለሰች፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ ያረፈች እርግብ ስትነሳ አብራት ተነሳች። በበሩ ወጣች፣ በግቢው አለፈች፣ ዋናውን በር ተሻገረች። ዘበኛው አንገትጌዋን ጨምድዶ የያዛት የመኪናው መንገድ ጠርዝ ላይ ነው። እርግቧን ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀቻትም፤ በዓይኗ ማለት ነው።

በማግስቱ ሐኪሙ ፊት ሦስቱም ተቀመጡ። ፌንጣ ወንበሩን ታሽከረክራለች።

«መድኃኒቱን ለመጨረሻ ጊዜ የወሰደችው መቼ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ሦስት ወር ሊሞላት ነው» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ከሁለት ሳምንት በፊት» አለች እናትየዋ።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። «ይቅርታ፤ ሁለታችሁም የምትኖሩት አንድ ቤት ነው?»

ማንም አልሳቀም። እናትየዋ እጇን እያየች ተናገረች፤ በእንፋሎት የቀላ እጅ። ኪኒኑን አላቋረጠችም ነበር። ባሏ ሱቁን ሊከፍት ማልዶ ከወጣ በኋላ፣ ከሥራ ሽርጧ ኪስ እያወጣች በየጠዋቱ ትሰጣት ነበር።

«ታዲያ ለምን አቆሙት?» አለ ሐኪሙ፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም።

«እሱ ሲደሰት አየሁ» አለች። «ደብተሩን ያሳየኛል፤ ልክ ነች፣ ልክ ነች ይለኛል። ልጅቷ ደግሞ ከሳችብኝ፤ ቀሚሷን ከወገቧ በመርፌ ቁልፍ ነው የማጠብበው። ታዲያ ቅጠሉ እየሠራ ከሆነ ኪኒኑን ለምን እሰጣታለሁ አልኩ። መደበቁም ሰለቸኝ። አመንኩት፣ ዶክተር። አምኜው ነው።»

ሰዓት ሠሪው ሊቆጣት ፈልጎ ነበር። ግን በሕይወቱ ማንም እንደዚያ አድርጎ አምኖት አያውቅም፤ የታመነውም በዚህ ነገር ሆነ።

ሐኪሙ ፌንጣን ወደ ራሱ አዞራት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ኪኒኑን ስውጥ ሰሌዳው ዝም ብሎ ይቆምልኛል» አለች።

«ቅጠሉስ?»

«ቅጠሉ ይመራል።»

«ኪኒኑ ሲቀርስ?»

አሰበች። «እኔ ዘፈን አለኝ። ሰሌዳው የለም።»

ሐኪሙ ኪኒኑን በአነስተኛ መጠን እንደገና ጻፈላት፤ ቅጠሉ እንዲቆምና ከዚህ በኋላ አንድም ነገር ሳይነግሩት እንዳይሰጧት አሳሰበ። ለትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ጻፈ። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤውን ተቀብሎ አመሰገነ፤ መልሱ ግን ያው ነበር። ዝርዝሩ ተዘግቷል፤ መንገዱ ጠርዝ ላይ ለሆነውም ኃላፊነት ልንወስድ አንችልም አሉ። መምህርቷ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እንባዋ ግን ለልጅቷ ቦታ አላስገኘላትም።

ቤት ሲገቡ ሰዓት ሠሪው ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። «የትኞቹ ቀናት ናቸው ኪኒን የወሰደችባቸው? አሳይኝና ምልክት ላድርግ።»

«ሁሉም… አይ፣ ሁሉም አይደለም» አለች ሚስቱ። «ቀድመኸኝ ሳትወጣ ስትቀር አልሰጣትም ነበር። አንዳንዴም እረሳለሁ።»

«የትኞቹን ረሳሽ?»

«ረሳሁ እኮ ነው የምልህ!»

ገጾቹን አገላበጠ። ልክ ነች። ልክ ነች። በየትኛው ገጽ የማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። እሱም እጥፍ ያደረገበትን ምሽት ቀን አላስታወሰም። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሰዓት ቢያመጣለት «ማን ነው ይህን የጎረጎረው?» ብሎ ይቆጣ ነበር። ደብተሩን ዘግቶ የቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወረው።

አሁን ሌሎቹ ልጆች ሲማሩ ፌንጣ ሱቁ ውስጥ ትውላለች። ላውንደሪው ልጅ አያስገባም፤ ቤት ብቻዋን መተው አይሞከርም። ጠዋት ኪኒኗን እሱ ራሱ ይሰጣታል፤ እናቷ እያየች። ትምህርት ቤት ለመቀመጥ የሚያስችል እርጋታ፤ የምትሄድበት ትምህርት ቤት ግን የለም።

«ሰውዬ፣ ፌንጣችን ዛሬ አልመጣችም እንዴ?» አለ ቁልፍ ሠሪው በጣውላው በኩል አንድ ቀን። «ድምፅዋ ጠፋ።»

«አለች።»

«እስቲ አናግሪኝ፣ የኔ ቆንጆ!»

«ደህና ነኝ» አለች ፌንጣ።

ከማዶ ማሽኑ ጮኸ። የመጽሐፏ ገጽ ተገልብጧል፤ የምሳ ዕቃዋ እንደተዘጋ ነው። ሰዓት ሠሪው አንዱን ክዳን ከፍቶ ቀኑን ጫረ፣ ምልክቱን ጫረ፤ ዘጋው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የብሎኑን ሰሃን አንስቶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ክርኗ አጠገብ፣ ግማሹ አየር ላይ እንዲሆን አድርጎ አስቀመጠው። ማሽኑ ሲያስገመግም ሰሃኑ ወደ ጠርዙ ተንሸራተተ።

ወረንጦውን ይዞ ያቀረቀረ መሰለ። እየጠበቀ ነበር።

ፌንጣ ቀና ብላ ሰሃኑን አየችው። መጽሐፏን አስቀመጠች። በሁለት እጇ፣ አንድም ብሎን ሳይንቀሳቀስ፣ ቀስ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋችው።

«ተጠንቀቅ፣ አባዬ» አለች። «ሊፈስብህ ነበር።»