ጨው ያልነበረው ባህር

ልጅ እያለሁ ባህር ጨው አልነበረውም። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኮምቦልቻ፣ አራተኛ ክፍል፣ በስልሳ ልጆች ፊት ቆሜ። ዛሬ አትላንታ፣ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ፣ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር መስኮቷ የሚንቀጠቀጥ ቤት ይዤ ይህን የምጽፈው ያን ቀን የሳቃችሁብኝ ካላችሁ እንድታነቡት ነው። አንዳንዶቻችሁ እዚሁ አሜሪካ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንግዲህ ተራው የእኔ ነው፤ ስሙኝ።

አባታችን ከአሰብ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እሱ ቤት የገባ ዕለት ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ፣ ቴምር ቴምር ይሸታል። መኪናው የባቲን ዳገት ጨርሶ ወደ እኛ ሲወርድ ሞተሩን ከሌላው ሁሉ ለይተን እናውቀው ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ አልማዝ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወትበትን ጠጠር ጥለን ወደ አስፋልቱ እንሮጣለን። ቤት ውስጥም ጨዋታችን መኪና ነበር። የድስት ክዳን መሪ፣ የእናታችን ሳጥን ጋቢና ይሆናል። እኔ እነዳለሁ፣ አልማዝ ከጎኔ ተቀምጣ በአፏ ጥሩንባ ትነፋለች። ቦታ ቀይሪኝ ብላ ታለቅስና ትቀይራለች።

አባባ አንድ ክረምት፣ “በደረጃ የበለጠችውን ባህር አሳያታለሁ” አለን። ጋቢናው ውስጥ ከእሱና ከረዳቱ ሌላ ለአንድ ልጅ ብቻ ቦታ ነበር። እኔ ሁለተኛ ወጣሁ፣ አልማዝ አስራ ዘጠነኛ። እናቴ ለመንገዱ ብላ ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚስ አሰፋችልኝ። የጨርቁ የአዲስነት ሽታ ገና ከአፍንጫዬ አልጠፋም። አልማዝ ግን ሦስት ቀን አለቀሰች። እህል አልበላም አለች፣ ትኩሳት አለኝ አለች፣ ደጃፉ ላይ ተዘረረች። በአራተኛው ቀን ጠዋት አባባ እጁን ራሴ ላይ አደረገና፣ “አስኩ፣ አንቺ ትልቅ ነሽ። ትችያለሽ” አለኝ። ቀሚሴም ለእሷ ተሰጠ። ጫፉ መሬት ይጠርግ ስለነበር እናቴ እዚያው በመርፌ አሳጠረችው።

ትችያለሽ የተባለ ልጅ ምን ይላል? አንድ አረንጓዴ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ነበረኝ። በአሸዋ አሽቼ፣ በአመድ አጥቤ፣ ቡሹን አበጅቼ ለአልማዝ ሰጠኋትና፣ “ባህሩን በዚህ ሞልተሽ አምጪልኝ” አልኳት። እሺ አለች። መኪናው እስኪሰወር ቆሜ አየሁ። አላለቀስኩም።

በአስረኛው ቀን ተመለሱ። የአልማዝ አፍንጫ ተልጦ፣ ጸጉሯ ደርቆ፣ የእኔ ቀሚስ ነጥቶ። አባባ የቀኝ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ነበር፤ “ብረት ነካኝ” አለ። አልማዝ ጠርሙሱን ሳታየኝ ሰጠችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ከጓሮ ሄጄ ቡሹን ነቀልኩ፣ አሸተትኩ፣ በመዳፌ አፍስሼ ቀመስኩ። ትንሽ አፈር አፈር ይላል እንጂ ውሃ ነው። ባህር እንዲህ ነው ለካ አልኩ። ሰው የማያውቀውን ነገር ያወቅኩ መስሎኝ ደስታዬ ሌላ ነበር።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን ስለ ጨው አስተማረን። የባህር ውሃ ጨዋማ ነው ሲል እጄን አወጣሁ።

“ጋሼ፣ የለውም። ቀምሻለሁ።”

“የት ሄደሽ ቀመስሽው?”

“አልሄድኩም። በጠርሙስ መጥቶልኝ ነው።”

ሳቁ እስከ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰማ። መምህሩ ጠመኔ ሰጥቶኝ “የባህር ውሃ ጨዋማ ነው” የሚለውን ሰሌዳው ላይ ሃምሳ ጊዜ አስጻፈኝ። ሰሌዳው ሲሞላ ያጠፋል፣ እኔ እቀጥላለሁ። የጠመኔው ብናኝ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ይታወሰኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስሜ “ባለጠርሙሷ” ሆነ። ይህን ስም ያወጣሽልኝ፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጪ የነበርሽ ልጅ፣ አልረሳሁሽም።

ማታ አልማዝን፣ “ባህሩ ጨው ነበረው?” ብዬ ጠየቅኳት። “እኔ ምን አውቄ፣ እግሬን ብቻ ነው የነከርኩት” አለች። ጠርሙሱን መስኮት ላይ አቆየሁት። ውሃው ከወራት በኋላ ደርቆ ሲያልቅ ከታች የቀረው ስስ ጭቃ ነው። የጨው ፍንጣሪ የለም። ያን ጊዜ እንደተታለልኩ ገባኝ። አባቴን አልጠየቅኩም፤ እህቴንም ዳግመኛ አልጠየቅኩም። አድገን፣ አግብተን፣ ወልደን፣ አባባን ቀብረን፣ ሁለታችንም አሜሪካ ገባን። እሷ ቀድማ መጥታ ሎረንስቪል ቤት ገዛች። እኔ ዘግይቼ በዲቪ መጣሁና ኮሌጅ ፓርክ የሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ አጥፋለሁ። በበዓል እንገናኛለን፣ እንሳሳማለን። ጠርሙሱ ግን በመካከላችን ነበር።

ባለፈው ዓመት በአንድ እሁድ፣ የአልማዝ ልጅ ሜሮን ሎረንስቪል ሰብስባን ላፕቶፗን ከፈተችልን። ለሌበር ዴይ በዓል እረፍት ባህር ዳር ቤት ልትይዝ ነው። ፎቶውን ሳየው የምጠጣውን ሻይ አስቀመጥኩ። ሰፊ ወንዝ በረዣዥም አረንጓዴ ሣር መካከል እየተጠማዘዘ ሄዶ ሄዶ ባህር ይገባል። መገናኛው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመ ቤት፣ ከቤቱ እስከ ውሃው የሚወርድ ደረጃ። በሥራዬ ምክንያት እንዳልቀር ብዬ በማግስቱ ሰኞ ኦፍ ጠየቅኩ፤ አለቃዬም የእረፍት ወረቀቱን ፈረመችልኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ስንሰበሰብ ሜሮን አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። እጅ ሲያዝ አልወድም።

“አክስቴ፣ ዩ ኖው፣ ቫኑ ሰባት ሰው ነው የሚይዘው። እኛ ከልጆቹ ጋር አምስት፣ ማሚ፣ የባሌ እናት... ላይክ፣ አንቺ ደግሞ ሥራ አለብሽ። ኔክስት ታይም፣ ፕሮሚስ። አንቺ እኮ ችግር የለብሽም፣ ትረጂኛለሽ።”

አልማዝን አየኋት። የሻይ ማንኪያዋን እያየች ነበር። ጠርሙሱን ስትሰጠኝ የነበራት ፊት ይኸው ነው፤ መሸብሸቡ ብቻ ተጨምሮበታል።

“እሄዳለሁ” አልኩ።

“በምን?”

“በመኪናዬ።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሃይዌይ እንደማልነዳ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሎረንስቪል ስመጣ እንኳን በየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ ሁለት ሰዓት ነው የምነዳው።

“እትዬ፣ አምስት ሰዓት መንገድ እኮ ነው! ካንቺ ጋር ማን ደፍሮ ይቀመጣል?” አለች አልማዝ፣ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች።

“አንቺ” አልኳት። “አንቺ ነሽ የምትቀመጪው።” ሳቁ ቆመ።

ቤቴ ስገባ ዕቅዱን በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። በእረፍት ቀኔ ጠዋት ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ሃይዌይ ላይ ወጥቼ አንድ ኤግዚት፣ አንድ መውጫ ብቻ፣ ሄጄ እወርዳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት። ትልልቆቹ ትራኮች በጎኔ ሲያልፉ መኪናዬ ትወዛወዛለች፤ እጄ መሪው ላይ ይጣበቃል። ግን የትራክ ድምፅ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ከናፍጣቸው ሽታ ጋር አንዳንዴ የባቲ ዳገት ይመጣብኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሌላም ነገር ጻፍኩ። የባህር ዳሩ ቤት ባለቤት ለሜሮን እንደነገራት፣ በቀኑ አንዱ ሰዓት ባህሩ ሞልቶ ወደ ወንዙ ይገባል፣ በሌላው ሰዓት ወንዙ ወደ ባህሩ ይወጣል። ባህሩ የሚገባበትን ሰዓት በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት። ሁለተኛ ጨው የሌለው ባህር አልቀምስም።

በስድስተኛው ሳምንት አልማዝን ጭኜ ኮንየርስ የሚባል ከተማ ድረስ ሄድኩ። መቀመጫውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ስሄድም ስቆምም “በስመአብ” ትላለች። ስንመለስ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ፀሐዩ ከባድ ነበር። የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀይ ሲወጣ አየሁና እንደምንም ከሃይዌዩ ወርጄ ጋዝ ስቴሽን ገባሁ። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ከመኪናው ኋላ፣ ትራንኬ ውስጥ፣ ስድስት ጋሎን ውሃ ነበር፤ የሾፌር ልጅ ነኝ። አንዱን ይዤ እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ስሰድ አልማዝ ከኋላ ጮኸች።

“እንዳትከፍቺው! አባባ እጁን የተቃጠለው እንደዚያ ሲከፍት ነው!”

እጄን መለስኩ። የአባቴ እጅ ላይ የነበረውን ጠባሳ እስኪሞት አውቀዋለሁ። ብረት ነካኝ ነበር ያለው።

“የት ነው የተቃጠለው?” አልኳት።

“ዶቢ።”

“ከአሰብ ስትመለሱ?”

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ከዚያ እዚያው የጋዝ ስቴሽኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። አፋር በረሃ፣ ዶቢ ሜዳ ላይ፣ በእኩለ ቀን ራዲያተሩ ፈላ። አባባ ክዳኑን ሲከፍት እጁን ላጠው። የያዙትን ውሃ በሙሉ ጨመሩ፣ አልበቃም። ጠርሙሴን ጠየቃት። እሷ አልሰጥም ብላ ደረቷ ላይ አቅፋ ጮኸች። ነጥቋት ጨመረው። አዋሽ ድልድይ ሲደርሱ ከወንዙ ሞላላትና፣ “ውሃ ውሃ ነው። እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች” አላት።

“የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ እኮ፣ እትዬ።”

“ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግን ስምንት ዓመትሽ አልነበረም።”

“ክፍላችሁ ከክፍላችን ቀጥሎ ነበር” አለች። “በመስኮት ሰምቻለሁ። እያንዳንዱን ስትጽፊ ጠመኔው ይጮህ ነበር። ቆጥሬዋለሁ፣ ሃምሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?” ደግሞ አለቀሰች። እሷ መቼ ሳታለቅስ ቀርታ ታውቃለች? አይዞሽ አላልኳትም። አጠገቧ ግን ተቀመጥኩ። መኪናው እስኪበርድ የግድግዳው ጥላ ለሁለታችን የሚበቃው ተጠጋግተን ስንቀመጥ ብቻ ነበር።

ሲበርድ ውሃውን ጨመርኩና፣ “ግቢ” አልኳት።

“ታረቅን?”

“መጀመሪያ ራዲያተሩ ይቀየር።”

ተቀየረ። በሌበር ዴይ ዋዜማ ጠዋት ተነሳን፤ እኔ መሪው ላይ፣ አልማዝ ከጎኔ። ሜሮን ቫኑን ይዛ ቀድማን ደርሳ ነበር። በየሰዓቱ እየደወለች “አሁን የት ናችሁ?” ትላለች፤ እኔ እየነዳሁ ስልክ አላነሳም። ስንደርስ ሣሩ ከፎቶው ይልቅ አረንጓዴ ነበር፣ አየሩ ጭቃና ዓሣ ይሸታል። ሰዓቴን አየሁ። በቀይ የከበብኩት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

አልማዝ ጉልበቷ ስለማይችል ደረጃው ራስ ላይ ወንበር አምጥተውላት ተቀመጠች። እኔ ከምሠራበት ሆቴል ያመጣሁትን አረንጓዴ የወይን ጠርሙስ ይዤ አርባ ሁለቱን ደረጃ ወረድኩ። ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ባህሩ ወደ ወንዙ እየገፋ ይመጣ ነበር፤ እግሬ ሥር ያለው አሸዋ ሲሸሽ ይታወቀኛል። ጠርሙሱን ሞላሁ። አልቀመስኩም። ደረጃውን ወጥቼ ለአልማዝ ሰጠኋት።

“ቅመሺ።”

“እትዬ ሙች፣ ይኼ እኮ ዓሣው ሁሉ የሚሸናበት ነው።”

“ቅመሺ አልኩሽ።”

ጎነጨች። ፊቷ ጭምድድ አለ።

“ጨው ነው” አለች።

“አልሰማሁም።”

“ጨው ነው!” ብላ ጮኸች። የሜሮን ልጆች ከአሸዋው ላይ ቀና ብለው አዩን። ሜሮንም ከኩሽናው መስኮት ብቅ አለች። “ጨው ነው፣ እህቴን ዋሽቻታለሁ፣ ጨው ነው!” ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ እንኳ ሳቅኩ። ጠርሙሱን ተቀብያት እኔም ቀመስኩ።

የቀረውን ውሃ ይዤው መጣሁ። ኮሌጅ ፓርክ መስኮቴ ላይ ቡሹን ነቅዬ አቆምኩት፤ ያኔ ኮምቦልቻ እንዳቆምኩት። ያኔ በየጠዋቱ ስቃኘው የሚቀንሰው ውሃ ብቻ ነበር፣ ሲያልቅም ጭቃ ተረፈኝ። ያኔ የሚወስደኝን ሰው ደጃፍ ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር፤ አሁን ቁልፉ ከጠርሙሱ አጠገብ ተሰቅሏል። ሜሮን ለሚቀጥለው ዓመት ስታስብ በመጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው። ፊት ወንበር የማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

አባባን ግን ገና አልጨረስኩለትም። ነግሮኝ ቢሆን እኮ አዝኜ ይበቃ ነበር። ባለጠርሙሷ አልባልም ነበር።

ውሃው ባለፈው ወር ደርቆ አለቀ። ከታች፣ በጠርሙሱ ዙሪያ፣ ነጭ ቀለበት ሠርቷል። በእርሳስ ፍቄ አወጣሁትና ምላሴ ላይ አደረግኩት። ከዚያ ወረቀት አወጣሁና አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍኩ፦ የባህር ውሃ ጨዋማ ነው።