ሽምግልና ላይ ያመለጠኝ ግሳት

የእህቴ ልጅ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ ቤት ሲኤምሲ ነው። ሽማግሌ ሆነን የሄድነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ታላቅ ወንድሜ፣ የሰሚት ጎረቤቱ እና እኔ። ተናጋሪው እኔ እንድሆን የወሰነው ወንድሜ ነው።

«ባለሥልጣን ስታፋጥጥ የኖርክ ጋዜጠኛ አንድ ጡረተኛ አያቅትህም» አለኝ።

ጡረተኛው አላሳሰበኝም፤ ያሳሰበኝ ጨጓራዬ ነው። ለዓመታት ቃር አለብኝ፤ አሲድ የሚቀንስ ክኒን እየዋጥኩ ነው የኖርኩት። በቅርቡ ግን ሃያ ሁለት ሰፈር ያለችው ሐኪሜ የጨጓራ ባክቴሪያም ይኖርብኝ እንደሆነ በሰገራ ምርመራ ማጣራት ፈለገች። ሰፈሩ ሁሉ «ጨጓራ» ብሎ ቢጠቀልላቸውም ባክቴሪያውና ቃሩ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳችኝ። ክኒኑ ባክቴሪያውን ከምርመራው ሊሸሽገው ስለሚችል ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል እንዳቆም አዘዘችኝ። አቆምኩ። ጨጓራዬም አለቃው እረፍት እንደወጣ ቢሮ ሆነ።

«ለዛሬ አንዷን ዋጥና ገላግለን» አለኝ ወንድሜ መኪና ውስጥ።

«ውጤቱ ይበላሻል፣ ጋሼ።»

«የልጁ ትዳር ሲበላሽስ?»

አልዋጥኩም።

ሳሎኑ በአጎትና በአክስት ተሞልቷል። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ መጠጥ በበራቸው አያልፍም። የእህቴ ልጅም «አባቷ መጠጥ ከሸተታቸው አለቀልኝ» ብሎ አስጠንቅቆናል። አባትየው ተቀመጡ አሉን። በወጉ መሠረት መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አልንና ተደርድረን ቆምን። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ።

«የተከበሩ አባታችን፣ ዛሬ ደጃችሁን የጠናነው…»

አገሳሁ። ትንሽ ግሳት አይደለም፤ ሳሎኑን ሞልቶ ወደ ማድቤት ያለፈ ነው።

«በኢየሱስ ስም!» አሉ አንዲት አክስት።

አባትየው ፊታቸው ጠቆረ። «ጠጥታችሁ ነው የመጣችሁት?»

ልጅቷ ከማድቤቱ በር ላይ ሆና ራሷን ያዘች። የወንድሜ ጎረቤት መውጫውን ማየት ጀመረ። እኔ ግን ጥያቄ ሲመጣ በቀጥታ መመለስ ልማዴ ነው።

«አልጠጣንም። የሰገራ ምርመራ ስላለብኝ ነው።»

ወንድሜ እግሬን ረገጠኝ። ዝርዝሩን ቀጠልኩ፤ ስለ ቃሩ፣ ስለ ባክቴሪያው፣ ስለ ክኒኑ ተናገርኩ።

«ክኒኑ ይቆማል?» አሉ አባትየው ቀስ ብለው።

«ከምርመራው በፊት ይቆማል።»

«እኔ እኮ እየዋጥኩ ነው የተመረመርኩት! ምንም የለብዎትም ብለው ነው የሸኙኝ!»

«መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ሲሉህ የለም አልክ!» አሉ ሚስታቸው ከማድቤት። «ሰው እንደ በሽተኛ እንዳያየኝ ብለህ!»

ከዚያ በኋላ ሳሎኑን የሚመራው ሰው ጠፋ። አንዱ አጎት በተልባ ነው የዳንኩት አሉ። አክስቲቱ በጸሎት ነው እንጂ አሉ። ሌላዋ ሁለቱንም ሞክራ አሁንም እንደሚያቃጥላት ተናገረች። አባትየው ደረታቸውን እያሻሹ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ወደ እኔ ሳቡ።

«ይቀመጡና በደንብ ያስረዱኝ።»

«ቆሜም ማስረዳት እች…»

ወንድሜ ቆነጠጠኝ። መርካቶ ያደገ ነጋዴ ነው፤ ገዢ ሲጓጓ ያውቃል።

«መልስ ሳናገኝ አይቀመጥም» አለ። «ሳይቀመጥ ደግሞ አያስረዳም።»

«ሌላ ቀን ልቀጥራችሁ ነበር እኮ ሐሳቤ።»

«እንመጣለን። እሱ ግን ያን ቀን ሥራ ላይ ነው።»

«ቀኑን መች ነገርኳችሁ?»

«የትኛውም ቀን ቢሆን።»

አባትየው ወንበሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩ።

«መጠጥ ግን የለም?»

«ቡና እንኳ ትቻለሁ።»

«እንግዲህ…» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ ወደሽዋል?»

ልጅቷ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ሰጥተናል። በሉ አሁን ተቀመጡ!»

አክስቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ወንድሜ ዓይኑን እየጠረገ አማቾቹን ይስማል። እኔ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል አባትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሰገራው የግድ የጠዋት መሆን አለበት?»

«የግድ አይደለም» አልኳቸው። «ትኩስ ይሁን እንጂ።»