ሦስቱ ጥቋቁር አውሮፕላኖች

ባለቤቴ ሶማሌ ነበር፤ ባቡር ላይ ይሠራል። ሥራው ጅቡቲ ድረስ ስለሚወስደው አንድ ቀን የአውሮፕላን ፎቶ የሞላበት የፈረንሳይኛ መጽሔት ይዞ መጣ። ከሁሉ አስበልጦ የወደደው ሦስት የአሜሪካ አውሮፕላኖችን ነው፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ አፍንጫቸው የሾለ። ቆርጦ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ለጠፋቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስረዳል፦ አንደኛዋ ከላይ ሆና ፎቶ ታነሳለች፣ ሁለተኛዋ ሚሳይል ትሸከማለች፣ ሦስተኛዋ ከኋላ ከፍ ያለ የአስተማሪ መቀመጫ አላት። «የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ጥይት አይደርስባቸውም» ይላል።

ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር «አንሳቸው አቦ» አልኩት። «ወረቀት እኮ ናቸው» ብሎ ሳቀብኝ።

ለፍተሻ የመጣው የቀበሌ ካድሬ ግድግዳው ፊት ቆመ።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

ባሌ ሰውየው አውሮፕላን የሚወድ መሰለው። «የስለላ አውሮፕላን ናት፣ ጓድ። እነዚህ ደግሞ እህቶቿ ናቸው።»

«እህቶቿንም ታውቃቸዋለህ?»

«አሳምሬ! ከፍጥነታቸው የተነሳ ጥይት አይደርስባቸውም!»

በዚያው ወሰዱት።

በማግስቱ የቀበሌው ነዋሪ ለስብሰባ ተጠራ። ባሌን እጁን ወደ ኋላ ጠፍረውት አድረው ነበር፤ ግቢው መሃል ሲፈቱት ክንዶቹ እንደ ሰው ክንድ አልነበሩም። ካድሬው ፎቶዎቹን ከፍ አድርጎ አሳየን። «ይኼ ሰርጎ ገብ ስለ ፍጥነታቸው ሲያወራ ነበር። እስቲ በርና አሳየን!»

ክንዱን ዘርግቶ በዚያ ፀሐይ ግቢውን ዞረ። ክንዱ ሲወርድ በዱላ ያነሱለታል። ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ታዘዘ። ማዕዳችንን የምትቋደስ ጎረቤታችን «ፍጠን! ፍጠን!» ብላ ጮኸች፤ ካድሬው ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ባሌ በግንባሩ እስኪወድቅ ሮጠ። ሲወድቅ «ነዳጅ ጨርሳለች» አለ ካድሬው፤ ሰዉ እንደገና ሳቀ።

ከወራት በኋላ ሲለቁት ክንዶቹ ከትከሻው በላይ አይነሱም ነበር። ባቡሩ ላይ አልተመለሰም። ሸሚዙን የማለብሰው፣ ፊቱን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሲሰግድ እጁን ወደ ጆሮው ለማንሳት ይታገላል፤ አቅቶት ሲያለቅስ ዞር እልለታለሁ።

ጎረቤቴ አንድ ቀን ገበያ መሃል እጄን ያዘችኝ። «ባልጮህ እኔንም ያስሮጡኝ ነበር፣ እህቴ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

እውነቴን ነው፣ አውቃለሁ። እጄን ከእጇ አላቅቄ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም።