የእማማ አስካለ አረንጓዴ ሸራ

ሸራ ማለት ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ቆርቆሮ እስኪገዛ ድረስ ከላይ የሚያለብሰው ወፍራም ጨርቅ ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የሚኖሩት እማማ አስካለ ጣሪያቸውን አረንጓዴ ሸራ አልብሰው ነበር።

እኔ የምሠራበት ቢሮ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ነው። ኮምፒውተራችን ከሳተላይት ፎቶ ላይ ቤቶችን ይለያል፤ ለምን እንደዚያ እንዳለም ያስረዳል። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ እሱ ያልመዘገበው ቤት ባለቤት ምትክ አያገኝም። እማማ ቤታቸው «አትክልት ቦታ» መባሉን ሰምተው መጡ።

ኮምፒውተሩን ምክንያቱን ጠየቅሁት። ሸራውን በቀይ ከብቦ አሳየን።

«አረንጓዴ ስለሆነ ሣር መስሎታል» አልኳቸው፣ ኮምፒውተሩ ምክንያቱን ማስረዳት በመቻሉ ኮራ ብዬ።

«አርባ ዓመት ሣር ላይ ነው የተኛሁት? አንተ ሰው አይደለህም ልጄ? ቤት ነው ብለህ ጻፋ! እዚህ ታች ነው፣ ና ላሳይህ።»

«በእጅ መጻፍ አይፈቀድም እማማ። ሸራውን ያንሱት፤ በሚቀጥለው ፎቶ ይታያል።»

አነሱት። ሐምሌ ነበር። ሳተላይቱ በደመና ውስጥ እንደማያይ ሳልነግራቸው ቀረሁ። የጭቃው ግድግዳ ዝናቡን እስከ ነሐሴ ታግሦ ተደረመሰ፤ እማማም ጎረቤት ተጠጉ።

መስከረም ላይ ጥርት ያለ ፎቶ መጣ። ኮምፒውተሩ «ባዶ መሬት» አለ፤ ምክንያቱንም አሳየ። ትክክል ነበር።