የሰፋው ኮሌታ

ካኪ ጨርቅ ካውያ ሲነካው የሚወጣው ሽታ ዛሬም አባቴን ይዞብኝ ይመጣል። በደርግ ጊዜ፣ ያኔ አዋሳ በምንላት ሀዋሳ፣ ፒያሳ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። እኔ ሴት ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ቁልፍ እተክልለት ነበር።

አንድ ክረምት ፊቱ ሞላ፣ አንገቱ ወፈረ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚታደልበት ዘመን የወፈረ ሰው ያስቀናል። «ተመችቶሃል!» ይሉታል ደንበኞቹ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሱሪ ሊለካ መጥቶ፣ «ጓድ፣ ስኳሩን ብቻህን ነው እንዴ የምትልሰው?» ሲለው ደንግጠን ሳቅን። እናቴማ የባል መወፈር የሚስት ሙያ ነውና ቀና ብላ ትሄድ ጀመር። አባቴ የሸሚዞቹን ኮሌታ እየፈታ፣ ቁራጭ ጨርቅ እየጨመረ አሰፋቸው።

ምን ልበልህ፣ ጎንበስ ብሎ ጨርቅ ሲቆርጥ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው፣ ግድግዳ ተደግፎ ማደር ጀመረ። አጎቴ አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመረው። የተመለሱ ዕለት እናቴንና እኔን ጓሮ ጠርቶ ነገረን። ደረቱ ውስጥ፣ ሐኪሞቹም እምብዛም የማያዩት ዕጢ በቅሏል፤ በደም ሥሩ አልፎ ልቡ ውስጥ ገብቷል። ፊቱን የነፋው መመለሻ ያጣ ደም ነው።

«መድኃኒት የለውም ብለዋል። አደራ፣ እሱ እንዳይሰማ» አለ።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። እስከ ዛሬ ዓሣ አልበላም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ በሽታውን ከበሽተኛው ደበቅን። ሊጠይቀው የሚመጣው ሁሉ እያወቀ፣ «ኧረ ተመችቶሃል» ይለዋል። እኔም ጠዋት ጠዋት ኮሌታውን ስቆልፍለት፣ «አባባ፣ ወፍረሃል» እለው ነበር።

«የእናትሽ እጅ ነዋ» ይለኝና ፊቱን ወደ ታቦር ተራራ ያዞራል።

ለገና ብሎ የጀመረውን ነጭ ሸሚዝ ሳይጨርስ በጥቅምት አረፈ። ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ ሸሚዙን አምጥታ፣ «ቁልፉን ትከዪለት» አለችኝ።

ተከልኩለት። ኮሌታው መጨረሻ ከለበሰው ሸሚዝ ኮሌታ በሁለት ጣት ይሰፋ ነበር። እስከ ገና የሚወፍረውን አስቦ ነበር የቆረጠው።