ሰባት ቤት መቁጠር

እህቴን ሊያገባ የመጣው ልጅ እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ተወልዶ ያደገ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቤተሰቡ ከጃማይካ ናቸው። አባቴ ልጁን አልጠላውም። «ሠራተኛ ነው፣ እግዜርንም ይፈራል፤ ግን የማን ዘር ነው?» ይላል። በኛ ቤት ልጅ ሲጠየቅ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ። ያልቆጠረ ልጃችንን አያገባም፣ አለቀ! እህቴ ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ብላ ምላለች። እኔ ታላቅየዋ በሁለቱ መሀል አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ።

ልጁ «ሽማግሌ ላክ» ተባለ። ከዘመዶቹ በዕድሜ የገፉት አያቱ ብቻ ናቸውና እሳቸውን ላከ። እሑድ ከሰዓት ዶቨር ሰፈር ያለው ቤታችን ሲንኳኳ፣ ሰማንያ የሚጠጋቸው ሴት ባርኔጣቸውን ደፍተው በረዶው ላይ ቆመዋል።

«ሴት ለሽምግልና! ወይ ጉድ!» አለ አባቴ በጆሮዬ።

ገብተው እንዲቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ለካ እህቴ «ጉዳይዎ ሳይሰማ እንዳይቀመጡ» ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። እንደቆሙ የሶፋውን ጫፍ ይዘው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ልለምን ነው የመጣሁት» አሉ። አባቴ ደነገጠ። «ኧረ ይቀመጡ በያቸው፣ ነውር ነው!» አለኝ። ከተቀመጡ በኋላ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ያንኑ ጥያቄውን ጠየቀ።

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አባታቸው ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ነበሩ። የአባታቸው እናት ገበያ ወጥተው ዝንጅብል ይሸጡ ነበር። የሳቸው እናት ደግሞ ባሪያ ሆነው ተወለዱ፤ የነፃነቱ አዋጅ ሲነገር ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ። እዚያ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ከዚያ በላይ መርከብ ነው» አሉ። «ከየት አገር እንደጫኑን አላውቅም። የምንጠራበት ስም የእርሻው ጌታ ስም ነው። የራሳችን ስም ነበረን፤ ምን እንደነበረ ግን የሚነግረኝ የለም።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ስለዚያ የባሪያ ንግድ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ካርታው ላይ ውቅያኖሱን የሚያቋርጡ ቀስቶች ነበሩ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሰው ሆኖ ሶፋችን ላይ ሲቀመጥ ግን የዚያን ቀን ነው ያየሁት።

አባቴም ወደፊት ጠጋ ብሎ፣ «ነፃ ሲወጡስ ካሳ አገኙ?» ብሎ አስጠየቀኝ።

«ካሳውማ የተከፈለው ለጌቶቹ ነው፤ ንብረታችንን አጣን ብለው» አሉ።

«ለሌባው?» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። ትንሽ ተንጎራደደና ተመልሶ ተቀመጠ። ምን ያደርጋል፣ አባቴ አባቴ ነው። «በደላቸውን እግዜር ይካሳቸው። እኔ ግን ሥሩን ለማላውቀው ቤት ልጄን ብሰጥ ዘመድ ምን ይለኛል?» አለ። ይሄን ምን ብዬ ልተርጉመው? እሳቸው ግን ከፊቱ አንብበውት ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። አፈርኩ፤ ተናደድኩም።

ይሄኔ እማዬ ከወጥ ቤት ይዛ የመጣችውን የቡና ትሪ ጠረጴዛው ላይ አኑራ መሀላችን ገባች። «የኔንም ተርጉሚላቸው» አለችኝ።

«የምንሽን?»

«የአያቴን፣ የእናቴን እናት። በልጅነቷ ነጋዴዎች ከአገሯ አምጥተው ለአንድ ባላባት ቤት ሸጧት። ስሟን ያወጡላት የገዟት ሰዎች ናቸው። እናቴን የወለደችው ከጌታዋ ልጅ ነው። ባርነት በአዋጅ ሲቀርም መሄጃ አልነበራትም፤ እዚያው ቤት እህል ስትፈጭ ሞተች።»

እኔም ገና መስማቴ ነበር። አባቴ ወደሷ ዞረ። «ሰባት ቤት ተቆጥሮልሽ የለም እንዴ?»

«በአባቴ በኩልማ እውነት ነው። የእናቴን ወገን አጎቴ የሰው አያት እየተዋሰ ሞላላችሁ። የእናቴ ቤት አያቴ ላይ ያልቃል።»

«አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሆድ ይፍጀው ብዬ ነዋ! ብነግርህ ታገባኝ ነበር?»

እንግዳችን ክርኔን ነካ አድርገው ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። ሳላስቀር ተረጎምኩላቸው። ብድግ ብለው ሄዱና የእማዬን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

አባቴ ምንጣፉን እያየ፣ ቀና ሳይል፣ «ልጅቷን ሰጥተናል በያቸው» አለኝ። ከታች ምድር ቤት ተደብቃ ስታዳምጥ የነበረችው እህቴ እያለቀሰች ሮጣ ወጣች።

«እሰይ» አለች እማዬ። «እኔ የጠየቅኩህ ግን እሱን አይደለም።»

ሠርጉ ሐምሌ ላይ ሆነ። አባቴ ሙሽሮቹን አፉ እስኪደርቅ መረቃቸው። «ታገባኝ ነበር?» ላለችው እማዬ ግን እስከ ዛሬ መልስ አልሰጣትም።